ለኮራሉ ወይስ ለዓይን? የሪፍ ገንዳ መብራት ታሪክ

በቤቱ የኮራል ገንዳ ሊያቋቁም የተነሣን ሰው ከመስታወቱም ከጨዉም ይልቅ የሚያስጨንቀው የመብራቱ ምርጫ ነው። ሻጩ ስለ ዋት፣ ስለ ኬልቪን፣ ስለ ሌንስ፣ ስለ ሰማያዊና ሐምራዊ ቻናል ይደረድርለታል፤ የመብራቱ ዋጋ ከገንዳው ዋጋ የሚበልጥበት ጊዜም ብዙ ነው። የዚህ መብራት ታሪክ ሲተረክ አብዛኛውን ጊዜ የመሣሪያዎች ሰልፍ ሆኖ ይቀርባል፦ መጀመሪያ ፀሐይ፣ ቀጥሎ ፍሎረሰንት፣ ከዚያ ሜታል ሃላይድ፣ በመጨረሻ ኤልኢዲ። የሰልፉ ቅደም ተከተል ትክክል ነው። የሚያሳስተው ግን እያንዳንዱ መብራት ለኮራሉ ስለበጀ ብቻ የተመረጠ ማስመሰሉ ነው። ማስረጃው ተራ በተራ ሲታይ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ለረጅም ዘመን ተቀላቅለው እንደኖሩ ያሳያል፤ አንዱ ለእንስሳው የሚበቃው ብርሃን ምን ያህል ነው የሚለው ሲሆን ሌላው ለተመልካቹ የሚያምረው ቀለም የትኛው ነው የሚለው ነው። ኤልኢዲ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ የሚይዘው በጉልበቱ አይደለም፤ ሁለቱን ጥያቄዎች ለያይቶ ለባለገንዳው በእጁ ስለሰጠው ነው። የመጀመሪያዎቹ የኤልኢዲ ዓመታት ኪሳራም የመጣው ይህ ሳይታወቅ በመቅረቱ ነበር።

ኮራልን በቤት ማኖር የተጀመረው ብርሃን ጉዳይ ባልነበረበት ሁኔታ ነው። አና ታይን የምትባል እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1846 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከቶርኪ የባሕር ዳርቻ ጠንካራ ኮራሎች ለቅማ ወደ ለንደን ወሰደች። ባለቤቷ በዌስትሚንስተር ገዳም ምክትል አለቃ ስለነበር ኮራሎቹ ያረፉት እዚያው በካህናቱ መኖሪያ፣ በእንግዳ መቀበያ ክፍሏ ውስጥ ነው። በመንገድ እንዳይንገላቱ በመርፌና በክር ከስፖንጅ ጋር ሰፍታቸው ነበር። የባሕር ውኃ እንደ ልብ ስለማይገኝ ያንኑ ውኃ በተከፈተ መስኮት ፊት ከዕቃ ወደ ዕቃ ደጋግሞ በመገልበጥ አየር ታስገባበት ነበር፤ ይህን አድካሚ ሥራ በየጊዜው ለግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ የምትሠራው ደግሞ የቤት ሠራተኛዋ ናት። በኋላ የባሕር ተክል ጨመረችበት፤ ኮራሎቿም ለዓመታት ኖሩ። ይህ ስኬት የተገኘው ኮራሎቹ የቀዝቃዛ ባሕር ዘር በመሆናቸው ነው፤ በሥጋቸው ውስጥ አልጌ አያኖሩም፣ የሚበሉት የተሰጣቸውን ምግብ ብቻ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ቢቀመጡም ያው ነበሩ። ስለዚህ የቤት ኮራል ታሪክ የመጀመሪያው ምዕራፍ ያለ መብራት የተጻፈ ነው፤ ይህን የሚያስታውስ የመብራት ማስታወቂያ ግን የለም።

ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት የአኳሪየም ሰዎች ብርሃንን እንደ ጠላት ነበር የሚያዩት። የለንደን የእንስሳት መጠበቂያ የዓሣ ቤቱን በ1853 ከፍቶ፣ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ በዓመቱ ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን ፋሽን ካደረገው በኋላ በየመስኮቱ የተደረደሩት ገንዳዎች ውኃቸው እየጠለሸ አረንጓዴ ይሆን ጀመር። ዊልያም አልፎርድ ሎይድ፣ የሃምቡርግን አኳሪየም በ1864፣ የለንደኑን ክሪስታል ፓላስ ደግሞ በ1871 ያደራጀው ሰው፣ መፍትሔውን ጨለማ ውስጥ አገኘው፦ ከማሳያ ገንዳዎቹ ሥር እጅግ ትልቅ የውኃ ማጠራቀሚያ በጨለማ አስቀምጦ ውኃውን ያለማቋረጥ አዘዋወረው። ውኃው ጠራ። ለዓሣ ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ የሞቃት ባሕር ኮራል ግን በዚህ ትምህርት የሚኖር አልነበረም።

የሞቃት ባሕር ኮራል ብርሃን እንደሚሻ ፍንጩ ከባሕር እንጂ ከገንዳ አልመጣም። ጀርመናዊው ኤረንበርግ የቀይ ባሕርን ኮራሎች በ1834 ዘርዝሮ ጽፏል። ዳርዊን በ1842 ባሳተመው የኮራል ሪፍ መጽሐፉ ሪፍ የሚገነቡት ኮራሎች ከተወሰነ ጥልቀት በታች እንደማይኖሩ አስረግጦ አሳየ፣ ምክንያቱን ግን ማንም በውል አያውቀውም ነበር። በ1881 ካርል ብራንት በእንስሳቱ ሥጋ ውስጥ የሚታዩት ቡናማ እንክብሎች ራሳቸውን የቻሉ አልጌዎች መሆናቸውን አውቆ ስም አወጣላቸው። ያም ሆኖ ክርክሩ አላበቃም። በ1928 እና 1929 የሞሪስ ዮንግ ቡድን በአውስትራሊያው ታላቁ ሪፍ፣ በሎው አይልስ ደሴቶች ተቀምጦ ኮራሎችን ብርሃን በማያስገባ ሣጥን ውስጥ ዘጋባቸው። ኮራሎቹ አልጌያቸውን አጥተው ነጡ፤ ግን ምግብ ከተሰጣቸው ወዲያውኑ አልሞቱም። ዮንግ ከዚህ ተነሥቶ ኮራል ሥጋ በል ነው፣ አልጌውም ቆሻሻውን የሚያስወግድለት ጎረቤት እንጂ መጋቢው አይደለም አለ። ነገሩን የገለበጡት የራዲዮአክቲቭ መከታተያዎች ናቸው። ቶማስ ጎሮ በ1950ዎቹ ጃማይካ ላይ ኮራል አጽሙን በብርሃን ጊዜ ከጨለማው ብዙ እጥፍ ፈጥኖ እንደሚገነባ አሳየ፤ በ1969 ደግሞ መስካቲንና ባልደረባው አልጌው በብርሃን አስተጻምሮ የሠራው ምግብ ወደ እንስሳው ሥጋ እንደሚያልፍ አረጋገጡ። እንግዲህ የኮራል መብራት የሚባለው ዕቃ ምን መሥራት እንዳለበት በእርግጠኝነት የታወቀው ገና ከስልሳ ዓመት ወዲህ ነው ማለት ይቻላል።

ዕውቀቱ ከላቦራቶሪ ወደ ሳሎን የገባው ግን በሌላ በር ነው። በጃካርታ የሚኖረው ሊ ቺን ኤንግ በ1961 በአንድ የአሜሪካ የዓሣ መጽሔት ላይ ዘዴውን ጻፈ፦ ከባሕር የመጣ ሕይወት ያለው ድንጋይ፣ ጥቂት የአየር አረፋ፣ በመስኮት የሚገባ ፀሐይ፤ ሌላ ምንም። ጃካርታ ከምድር ወገብ ስድስት ዲግሪ ብቻ ስለምትርቅ ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ አትጎድልም። ዘዴውን ወደ ሰሜን ይዘው የሄዱት ጀርመኖች ግን በ52 ዲግሪ ኬክሮስ፣ ቀኑ ስምንት ሰዓት በማይሞላበት የበርሊን ክረምት ውስጥ ነበሩ። ዲትሪክ ሽቱበርና ጓደኞቹ በዚያች ከተማ ቅርንጫፋማ ኮራል አሳድገው ለሌላው ማካፈል የቻሉት ከሕያው ድንጋዩና ከጠንካራው ማጣሪያ ጋር ሜታል ሃላይድ ስላበሩበት ነው። ይህ አምፖል በ1960ዎቹ ለስታዲየምና ለአደባባይ የተሠራ ነው፤ ኮራል የሚባል ነገር በአምራቾቹ ሐሳብ አልነበረም። በርሊኖቹ ያገኙትን ጠንካራ መብራት ወሰዱ፣ ሠራላቸው። እስከዚህ ድረስ ምርጫው በእርግጥ ለእንስሳው ነበር።

ዓይን ወደ ጨዋታው የገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሥሩ ግን ቀደም ይላል። ረኔ ካታላ በኒው ካሌዶኒያ፣ በኑሜያ ከተማ በ1956 በተከፈተው አኳሪየሙ ውስጥ ኮራሎችን በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያበራባቸው አረንጓዴ፣ ብርቱካንና ቀይ ሆነው ሲያበሩ አየ። ምክንያቱ በሥጋቸው ያሉ ፕሮቲኖች ናቸው፤ ሰማያዊና ሐምራዊውን ተቀብለው በረጅም ሞገድ መልሰው ይለቁታል። (ዛሬ በሕዋስ ምርምር ላይ በየላቦራቶሪው የሚሠራበት ቀይ አብሪ ፕሮቲን በ1999 የተገኘው ከሞስኮ አኳሪየም ከተወሰደ እንስሳ ነው፤ የሪፍ ገንዳ ለሳይንስ ከዋለው ውለታ አንዱ ይህ ነው።) በፀሐይ ቀለም በሚያበራ መብራት ሥር ይህ ድምቀት አይታይም፤ ኮራሉ በአብዛኛው ቡናማ ነው። የሰው ዓይን ሰማያዊን አደብዝዞ ስለሚያይ፣ ሰማያዊ ብርሃን ሲበዛ ገንዳው ይደበዝዝና ኮራሉ ብቻውን እንደ ፍም ይበራል። ገበያው ይህን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀበትም። በ1990ዎቹ ባለ 6,500 ኬልቪን አምፖል የነበረው ሰው ወደ 10,000፣ ከዚያም ወደ 20,000 ኬልቪን፣ ማለትም ይበልጥ ወደ ሰማያዊው፣ አለፈ፤ 420 ናኖሜትር ላይ የሚያበሩ ሰማያዊ ፍሎረሰንቶችም ጎን ለጎን ተሰቀሉ። በአሜሪካ የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲው መምህር ሳንጄይ ጆሺ አምፖሎቹን አንድ በአንድ ለክተው ያወጡት ውጤት የዚህን ምርጫ ዋጋ ያጋልጣል፦ ዋቱ እኩል ሆኖ አምፖሉ ይበልጥ ሰማያዊ በሆነ መጠን አልጌው የሚጠቀምበት ብርሃን ባብዛኛው ይቀንሳል። ማለትም ሰዉ ለዓይኑ ሲል የኮራሉን ድርሻ እየቀነሰ፣ የቀነሰውን ለመመለስ ደግሞ ባለ 250 ዋቱን በባለ 400 እየተካ፣ ያ ያመጣውን ሙቀት ለማብረድ የውኃ ማቀዝቀዣ እየገዛ ኖረ። አምፖሉም በየዓመቱ ገደማ ይቀየራል። በአንድ ብርጭቆ ውስጥ መጠንና ቀለም ስለታሰሩ አንዱን ለመንካት ሌላውን መንካት ግድ ነበር።

ይህን ማሰሪያ የበጠሰው ከአኳሪየም ጋር ግንኙነት የሌለው ጃፓናዊ ፈጠራ ነው። ቀይ ኤልኢዲ ከ1962 ጀምሮ ነበር፤ ብርቱ ሰማያዊ ኤልኢዲ ግን ሠላሳ ዓመት ጠበቀ። ሹጂ ናካሙራ በ1993 መገባደጃ ላይ በኒቺያ ኩባንያ አወጣው፤ ከተመራማሪዎቹ ከአካሳኪና ከአማኖ ጋር በ2014 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙበት ሥራ ይህ ነው። ነጩም ኤልኢዲ ቢሆን ሰማያዊ ቺፕ ላይ ቢጫ ዱቄት ተቀብቶ የሚሠራ ነው። የዕድል ነገር ሆኖ ቺፑ ከሁሉ በላይ ጎበዝ የሆነበት 450 ናኖሜትር አካባቢ የኮራል አልጌ ሐመልሚል በብርቱ የሚውጠው፣ በጠራ ባሕርም ወደ ጥልቀት ርቆ የሚዘልቀው፣ የኮራሉን ፕሮቲኖችም የሚያበራው ቀለም ነው። በ2000ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካው ፒኤፍኦ ላይቲንግ ሶላሪስ የተባለውን መብራት ገበያ ላይ አወጣ፤ ንጋትና ምሽትን እየመሰለ ቀስ ብሎ የሚበራና የሚደበዝዝ፣ ከሜታል ሃላይድ ጋር እፎካከራለሁ ያለ የመጀመሪያው የቤት ኤልኢዲ ነበር። ጠፈር ላይ ተክል ለማብቀል በኤልኢዲ ይሠራ የነበረ ኦርቢታል ቴክኖሎጂስ የተባለ የዊስኮንሲን ኩባንያ የባሕር ገንዳ ኤልኢዲ ፓተንት በ2007 አግኝቶ ፒኤፍኦን ከሰሰ፤ ፒኤፍኦም ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ወጣ። እነ ራዲዮን የተባሉት የኤልኢዲ መብራቶች በ2011 እስኪመጡ ድረስ መንገዱ የጠበበው ቴክኒኩ ስላልበሰለ ብቻ አልነበረም፣ ፍርድ ቤትም ድርሻ ነበረው።

አዲሶቹ መብራቶች በየቤቱ ከገቡ በኋላ የሆነው ነገር ለክርክሬ ዋናው ማስረጃ ነው። ብዙ ኮራል ነጣ። «ኤልኢዲ ኮራል አያሳድግም» የሚለው ወሬ የተነሣው ያኔ ነው። የተሠራው ስሕተት ግን ሲመረመር ከተባለው ተቃራኒ ነው፤ ብርሃኑ በዝቶ ነበር። በሜታል ሃላይድ የለመደ ሰው የብርሃኑን ብዛት የሚገምተው በዓይኑ ነው፤ ሰማያዊ የበዛበት ኤልኢዲ ደግሞ ለዓይን ደብዛዛ ነው። ደብዝዟል ብሎ ጨመረ። መለኪያ የነበረውም አልዳነም፣ ለፀሐይና ለነጭ አምፖል የተቃኙት የቆዩ መለኪያዎች ሰማያዊውን አሳንሰው ያነባሉና። አልጌው ከሚችለው በላይ ብርሃን ሲወርድበት ትርፉ ኃይል መርዛማ የኦክስጅን ዓይነቶችን ይፈጥራል፤ ኮራሉም አልጌውን ያባርርና አጽሙ በሥጋው ውስጥ እስኪታይ ይነጣል። የቀትር ፀሐይ በባሕር ወለል ላይ በካሬ ሜትር በሰከንድ ወደ 2,000 ማይክሮሞል ፎቶን ይደርሳል፤ በገንዳ ለሚኖሩ ለስላሳ ኮራሎች ግን ከ50 እስከ 150፣ ለቅርንጫፋሞቹ ከ200 እስከ 350 ያህል ሲሰጣቸው በደህና ያድጋሉ። የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ይህን ልክ አያውቁም ነበር፤ አሮጌው አምፖል በሙቀቱና በኤሌክትሪክ ሒሳቡ ሳያስቡት ይገድባቸው ስለነበር ልክ የማወቅ ግዴታም አልነበረባቸውም።

እዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፦ ኮራል በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት የኖረው በፀሐይ ሥር ነው፣ እንግዲያው ለዓይን ተብሎ ሰማያዊ የተደረገ መብራት ሁሉ ማታለል ነው፣ ጥሩ መብራት የፀሐይን ቀለም የሚመስል ብቻ ነው። ግማሹ እውነት ነው። በሪፉ አናት ላይ፣ ውኃው ጉልበት በማይደርስበት ቦታ የሚኖር ኮራል ቀዩንም ቢጫውንም ያገኛል። ነገር ግን ውኃ ቀዩን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ አብዛኛውን ይውጠዋል፤ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር የሚቀረው ሰማያዊ ነው። በገበያ የሚሸጡት ብዙዎቹ ኮራሎች በተፈጥሮ የሚኖሩት በዚያ ሰማያዊ ዓለም ውስጥ ነው፤ ስለዚህ «ፀሐይን ምሰሉ» ሲባል የትኛዋን ፀሐይ፣ በስንት ሜትር ላይ ያለችውን ተብሎ መጠየቅ አለበት። ሰማያዊ ብርሃን ለውበት መመረጡን አልክድም፤ ሻጮች ለእድገት ነው ሲሉ ግን ዓይንን ለሚስበው ነገር ሳይንስ እየተዋሱ ነው። የሁለቱ መገጣጠም የተፈጥሮ ዕድል ነው፣ የአምራች ብልኀት አይደለም። ነጩን ቻናል ጨምሮ ገንዳውን በቀን ብርሃን ማየት የሚወድ ሰው ጠቅላላ መጠኑን እስከጠበቀ ድረስ ኮራሉን አይጎዳም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የልምድ ነው፤ በዚህ ሥራ ረጅም ዘመን የቆዩ ሰዎች በቲ5 ፍሎረሰንት ወይም በሜታል ሃላይድ ሥር ያደገው ቅርንጫፋም ኮራል በኤልኢዲ ሥር ካደገው ይልቅ ሞላ ያለ፣ ቀለሙም ከሥር እስከ ጫፍ እኩል ነው ይላሉ። ይህን ወግ አጥባቂነት ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው። አክሮፖራ የሚባለውን ኮራል በጠባብ ሌንስ ከሚያበራ ኤልኢዲ ሥር አስቀምጦ ከጎን ማየት ይበቃል፦ የላይኛው ጫፍ ደምቆ፣ ከሁለተኛው ቅርንጫፍ በታች ያለው ጎን በጥላ ተመትቶ፣ ወደ ሥሩ ሥጋው ሳስቶ ነጭ አጽም ብቅ ሲል ይታያል። ቲ5 ግን ከዳር እስከ ዳር የሚዘረጋ፣ 16 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው በትር ነው፤ ስድስት ወይም ስምንቱ ጎን ለጎን ሲሰቀሉ ብርሃኑ ከብዙ አቅጣጫ ስለሚመጣ ጥላው ይሟሟል። ስለዚህ አንጋፋዎቹ ያዩት እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን የብርሃኑ ዘር አይደለም፣ ስፋቱ ነው። ያው ኤልኢዲ በሁለት ትናንሽ መብራቶች ተከፍሎ፣ ከፍ ብሎ ተሰቅሎ፣ ሰፊ ሌንስ ወይም ብርሃን በታኝ መስታወት ሲደረግለት ልዩነቱ ይጠባል። በመካከል ኤልኢዲ፣ በዳርና ዳር ሁለት ሁለት ቲ5 የያዙት ድብልቅ መብራቶች የተወለዱትም ከዚህ ነው፤ በእኔ ግምት አሁንም ድረስ ለቅርንጫፋም ኮራል ከሁሉ የተሻለው ስምምነት እነሱ ናቸው። ዕድሜያቸው ግን አጭር ሳይሆን አይቀርም፤ የአውሮፓ ኅብረት ፍሎረሰንት ውስጥ ባለው ሜርኩሪ ምክንያት ለተራ መብራት የሚውሉትን ቲ5ና ቲ8 በነሐሴ 2023 ከገበያ አግዷል፤ ተራው ምርት ሲቆም የኮራሉ አምፖል ብቻውን ፋብሪካ አያቆምም።

የሚቀረው የገንዘብ ጥያቄ ነው። መጠንና ስፋት ዋናዎቹ ከሆኑ ውድ መብራት ለምን ይገዛል? ለእድገት ሲባል ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ርካሹ ጥቁር ሣጥን፣ ሰማያዊና ነጭ ሁለት ቻናል ብቻ ያለው፣ በትክክለኛ ከፍታ ከተሰቀለና ከተደበዘዘ ኮራል አሳድጓል፣ ዛሬም ያሳድጋል። የውዱ መብራት ዋጋ የሚሄደው በየሰዓቱ ቀለሙን ለማስተካከል፣ ለጸጥተኛ ማራገቢያ፣ ቀለሞቹ በአሸዋው ላይ ተነጣጥለው እንዳይንቀጠቀጡ አንድ ላይ ለሚቀላቅል ሌንስ ነው፤ እነዚህ ሁሉ ለባለቤቱ የሚከፈሉ ናቸው፣ መክፈልም ነውር የለውም። ገንዘቡ የተመጠነ ሰው ግን ርካሹን መብራት ሁለት አድርጎ ገዝቶ ለስፋት ቢያውለው፣ የተረፈውን ደግሞ ሰማያዊን በትክክል የሚያነብ መለኪያ ለጥቂት ቀን ለመከራየት ቢያወጣው ይሻላል፤ አዲሱንም መብራት በግማሽ ጉልበት ጀምሮ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየጨመረ የፈለገው ቁጥር ላይ ያድርሰው።